«ካንሰር አይደለም» ከተባለ በኋላ፦ ስለሚጥል በሽታና ስለአንጎል ቀዶ ሕክምና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኤምአርአይ ውጤት ሲነገር ቤተሰብ ይዞት የሚወጣው አንድ ነገር ነው። «ዕጢ አለ፣ ግን ካንሰር አይደለም።» ተመስገን ይባላል። እናት ታለቅሳለች፣ አባት ለዘመድ ስልክ ይደውላል። ኪኒን ይታዘዝና ወደ ቤት ይገባል። ልጁ ግን መውደቁን አልተወም።

እኔን የሚያሳስቡኝ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። የሚጥል በሽታ መነሻው ብዙ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን አንጎሉ ላይ ቦታው ተለይቶ የሚታይ፣ ካንሰር ያልሆነ መነሻ አለው። ቀስ ብሎ የሚያድግ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ጋንግሊዮግሊዮማና ዲኔት የሚባሉት የታወቁት ናቸው። ካቬርኖማም ሊሆን ይችላል፤ እንጆሪ የመሰለ የትንንሽ ደም ሥሮች ቋጠሮ ነው። ለነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምና ምን ያስገኛል? መጀመሪያ የሚወራውን እንስማ።

«ካንሰር ካልሆነ ምን ያደርጋል? ይቀመጥ»

ካንሰር አይደለም ማለት ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም፣ በጥቂት ወራት ሰው አይጥልም ማለት ነው። አርፎ ይቀመጣል ማለት አይደለም። ካቬርኖማን ውሰዱ። ጠብ ጠብ እያለ ደም ያፈሳል። ደሙ ሲመጠጥ ብረቱ ይቀራል፤ ዙሪያውን እንደ ዝገት ይለብሰዋል። የነርቭ ሴሎቹን የሚያውከው ብዙ ጊዜ ይሄ ዝገት ነው። ለዚህ ነው ቀዶ ሐኪሙ ቦታው ከፈቀደለት ቋጠሮውን ብቻ አውጥቶ የማይተወው። የዛገውንም ዙሪያ ይጠርገዋል።

ሕመሙ ራሱም ይጎዳል። ምድጃ ላይ የወደቀ ሰው ያየ ይህን አይጠይቅም። በእንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱም አሉ፤ ይህ የሚደርሰው በብዛት ሕመሙ በመድኃኒት ባልተገታላቸው ላይ ነው።

«ካልወደቀና አረፋ ካልደፈቀ የሚጥል በሽታ አይደለም»

ሰውየው ሻይ እየጠጣ ነው። ድንገት ከሆዱ ወደ ላይ የሚወጣ እንግዳ ስሜት ይሰማዋል። ዓይኑ ይፈዛል። አፉ ባዶውን ያላምጣል። ጣቶቹ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካሉ። ቢጠሩት አይመልስም። ደቂቃ ወይም ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ይመለሳል፤ «ምን አላችሁኝ?» ይላል። እኛ «ሐሳብ ይዞት ሄደ» እንላለን። ይህ በጆሮ በኩል ካለው ቴምፖራል ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚነሳ የሚጥል በሽታ ነው። እነዚያ ዕጢዎች ደግሞ በጣም የሚያዘወትሩት ይህንኑ ሰፈር ነው።

«ቀዶ ሕክምና የመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ ያለው መድኃኒት ሁሉ ይሞከር»

ከሁሉም ብዙ ዕድሜ የሚበላው ይሄኛው ይመስለኛል። ስህተቱ ደግሞ ጥንቃቄ መስሎ ነው የሚመጣው።

በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስኮትላንድ ውስጥ መድኃኒት ጀምረው የማያውቁ 470 ሰዎች ውጤት ታትሞ ወጣ። 47 በመቶው በመጀመሪያው መድኃኒት ሕመሙ ቆመላቸው። ሁለተኛው መድኃኒት 13 በመቶውን ጨመረ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛውም፣ ቅልቅሉም ተደምሮ የጨመረው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው በ2010 ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሐኪሞች ማኅበር ወሰኑን ሁለት መድኃኒት ላይ ያደረገው። በትክክል ተመርጠው፣ በበቂ መጠን ተወስደው ሁለት ካልሠሩ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ነው፤ ታካሚው ቀዶ ሕክምና ይሆነው እንደሆነ ይመርመር። ስድስተኛውን ኪኒን መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀዶ ሕክምናውስ ምን ያመጣል? በ2001 የወጣው የካናዳ ጥናት 80 የቴምፖራል ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ከዓመት በኋላ ራስን ከሚያስት ሕመም ነፃ የሆኑት በቀዶ ሕክምናው ወገን 58 በመቶ፣ በመድኃኒቱ ወገን 8 በመቶ ነበሩ። በ2017 ከዴልሂ የመጣው የሕፃናት ጥናት ልዩነቱን ይበልጥ አሰፋው፤ 77 በመቶ ለ7።

መነሻው ምንድነው የሚለውም ወሳኝ ነው። ከ9,000 በላይ አውሮፓውያን ታካሚዎችን ያየ በ2020 የወጣ ጥናት አለ። ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በኋላ ከሚያሰናክል ሕመም ነፃ የሆኑት እንዲህ ያለ ዕጢ ካለባቸው መካከል 77.5 በመቶ፣ የደም ሥር ቋጠሮ ካለባቸው 74 በመቶ ናቸው። የአንጎል ቅርፊት (ውጫዊው ሽፋን) ሲፈጠር የተዛባባቸው ከዚህ ያነሰ ዕድል አላቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «ካንሰር አይደለም» ተብለው ወደ ቤት የተላኩት ሰዎች ከቀዶ ሕክምና ብዙ ከሚጠቀሙት መካከል ናቸው።

«ኤምአርአይ ላይ ከታየ ጥፋተኛው እሱ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ሰውየው ካቬርኖማው በግራ ሆኖ ሕመሙ ከቀኝ ሊነሳበት ይችላል። ስለዚህ በቪዲዮ እየተቀረፀ፣ የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢኢጂ ጭንቅላቱ ላይ ተለጥፎ፣ ሕመሙ እስኪመጣ ለቀናት ይጠበቃል። ሕመም እንዲመጣ ተመኝቶ ሆስፒታል መተኛት! ግን ምስሉና ኢኢጂው አንድ ቦታ ካልጠቆሙ ማንም ቢላ አያነሳም።

«ጭንቅላት ተከፍቶ ማን ደህና ሆነ?»

በ1886 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሆርስሊ አንድ የ22 ዓመት ስኮትላንዳዊ ቀዶ አከመ። ወጣቱ በልጅነቱ ሠረገላ ገጭቶት የራስ ቅሉ ተሰብሮ ነበር፤ የሚጥለው ከዚያ የቀረው ጠባሳ ነው። ኤምአርአይ የለ፣ ኢኢጂ የለ። መሪው የትኛው የሰውነት ክፍል ቀድሞ እንደሚንቀጠቀጥ ማየት ብቻ። ጠባሳው ወጣ፣ ወጣቱም ተረፈ። ዛሬ በቴምፖራል ቀዶ ሕክምና ምክንያት የሚሞተው ከ100 ሰው ከአንድ ያነሰ ነው።

ጉዳት የለውም አልልም። የማየት ክልል በአንድ ወገን ከላይ በኩል ሊጠብ ይችላል። ብዙዎች ሳያስተውሉት ይኖራሉ፤ ከሰፋ ግን መንጃ ፈቃድ ላይ ጣጣ ያመጣል። በግራ በኩል ከሆነ ስምና ቃል የማስታወስ ችሎታ ሊቀንስ ይችላል። ይህን ሳይነግር ፈርሙ የሚል ሐኪም ካለ ጥያቄ አብዙበት።

ዕጢው ለንግግር ቦታ ከቀረበ አንዳንዴ ታካሚው ነቅቶ ነው የሚሠራው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ሥዕል ያሳዩታል፤ «ድመት»፣ «ወንበር» እያለ ይመልሳል። ሐኪሙ አንድ ነጥብ በቀላል ኤሌክትሪክ ሲነካ ቃሉ ከጠፋበት፣ ያ ነጥብ አይነካም። ውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት የምትናገሩት አማርኛ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው በሁለቱም መፈተን አለበት፤ አለዚያ እንግሊዝኛው ተርፎ አማርኛው ሊጎዳ ይችላል።

«ዕጢው ወጣ፤ ኪኒኑ ይጣል»

ብዙ ጊዜ ኪኒኑ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ሁለት ዓመት ይቀጥላል። ከዚያ በሐኪም እጅ ቀስ እያለ ይቀነሳል። ጭራሽ የማያቆሙም አሉ። ምክንያቱም ከዕጢው ጎን ያለው ቅርፊት አብሮ የተዛባ ሊሆን ይችላል፤ ዕጢውም ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ቀርቶ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሉ የተሻለ ነው።

ጠበልም ላይ ይኸው ይደርሳል። ጠበሉን የሚከለክል የለም። አደጋው «መድኃኒቱን ተው» የሚለው ምክር ነው። በድንገት የተቋረጠ ኪኒን የማያቆም ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ ያ ደግሞ ይገድላል።

«ዳነ፤ በቃ፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለ»

አንድ የማውቀው ቤት አለ። የሻወሩ በር መቀርቀሪያ ድሮ ነው የተነቀለው፤ ልጁ ውስጥ ቢወድቅ እንዲደርሱለት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድም ቀን አልወደቀም። እናቱ ግን ውኃው ሲዘጋ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ትቆማለች። እሱ ይናደዳል። በሃያዎቹ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሥራ ለምን አትፈልግም?» ተብሏል፤ እስከዚያ ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል። ከተሳካ ቀዶ ሕክምና በኋላም ድባቴና ግራ መጋባት ሊመጣ ስለሚችል ክትትሉ ጠባሳው በመዳኑ አያበቃም።

ባለፈው ስሄድ በሩ ላይ አዲስ መቀርቀሪያ አየሁ። የገጠመው ራሱ ነው፤ ትንሽ ጠሟል።