ትራይሶሚ ምንድን ነው?

ፅንስ ሲጨነግፍ ወሬው ወዲያው ወደ ጥፋተኛ ፍለጋ ይሄዳል። ከባድ ዕቃ አንስታ ነው፣ ደንግጣ ነው፣ ያማራትን ሳታገኝ ቀርታ ነው ይባላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ግን ሲመረመሩ ክሮሞዞማቸው፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃን የሚይዘው ክፍል፣ የተዛባ ሆኖ ይገኛል። ከነዚህ አብዛኞቹ ትራይሶሚ ናቸው፤ ከአንዱ ክሮሞዞም ሁለት መኖር ሲገባው ሦስት አለ ማለት ነው።

ነገሩ የአከፋፈል ጉዳይ ነው። የሰውነታችን ሕዋስ 23 ጥንድ፣ በድምሩ 46 ክሮሞዞም ይይዛል። እንቁላልም የወንድ ዘርም ግማሹን ብቻ ይዘው መምጣት አለባቸው። የወንድ ዘር በየጊዜው አዲስ ይመረታል። እንቁላል ግን ባለቤቷ ራሷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ክፍፍሉን ጀምሮ መሃል ላይ ይቆማል፤ የሚቀጥለው የወር ተራው ደርሶ ሊወጣ ሲል ነው። በ40 ዓመቷ ያረገዘች ሴት እንቁላሏ ከ40 ዓመት በላይ ቆሞ ጠብቋል። ክሮሞዞሞቹን አንድ ላይ አቅፎ የያዘው ፕሮቲን በዚህ ሁሉ ዘመን እየላላ ስለሚሄድ በወጉ አይከፋፈሉም። እንቁላሉ 24 ይዞ ከወጣ ከዘሩ 23 ጋር 47 ይሆናል። በ20ዎቹ መጨረሻ ከ10 እርግዝና 1 ገደማ ሲጨነግፍ ከ45 ዓመት በኋላ ግን ከግማሽ በላይ የሚጨነግፈው በዋናነት ለዚህ ነው።

በጨነገፉ ፅንሶች ላይ በብዛት የሚታየው ትራይሶሚ 16፣ ማለትም 16ኛው ክሮሞዞም ሦስት የሆነበት፣ ነው። ትራይሶሚ 21፣ ማለትም ዳውን ሲንድሮም፣ ያለበት ፅንስ ሊወለድ ይችላል፤ ብዙው ግን እሱም ይጨነግፋል። ሁሉም መዛባት የዕድሜ ጣጣ አይደለም። ኤክስ ከሚባለው የጾታ ክሮሞዞም አንድ ብቻ ያለው ባለ 45 ክሮሞዞም ፅንስ በወጣት እናቶችም ይታያል። ክሮሞዞሙ 69 የሆነው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለት የወንድ ዘር አንድ እንቁላል ውስጥ ሲገቡ የሚመጣ ነው። ይኼኛው እንግዴ ልጁን እንደ ወይን ዘለላ ሊያሳብጠው ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ የእርግዝና ሆርሞኑ በደም ምርመራ ክትትል መጥፋቱ ሳይረጋገጥ እንደገና ማርገዝ አይመከርም።

አንድ ጊዜ ትራይሶሚ የገጠማት ሴት ቀጣይ እርግዝናዋ አብዛኛውን ጊዜ በሰላም ያልቃል። ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰዷ ተገቢ ነው፤ የሚከላከለው ግን የአንጎልና የሕብለ ሰረሰር አፈጣጠር ችግርን እንጂ ትራይሶሚን አይደለም። አልጋ ይዞ መተኛትም የክሮሞዞም ቁጥር አያስተካክልም። ሾተላይ ነው ተብሎም ይፈራል፤ ሾተላይ የደም ዓይነት አለመጣጣም ሲሆን የመጀመሪያውን እርግዝና አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ጉዳቱም የሚበረታው እርግዝናው ሲገፋ እንጂ በ8ኛው ሳምንት አይደለም።

መጨንገፉ ሲደጋገም ጥያቄው ይለወጣል። ከእንዲህ ዓይነት ጥንዶች ከ100 ከ2 እስከ 5 በሚሆኑት አንደኛው ወገን የክሮሞዞም ቁራጭ ቦታ የተቀያየረበት ሆኖ ይገኛል። ምንም ስላልጎደለበት እሱ ጤነኛ ነው፤ ለልጁ ሲያካፍል ግን አንዱ ቁራጭ ሊበዛ፣ ሌላው ሊጎድል ይችላል። የክሮሞዞሞቹን ቁጥርና ቅርጽ የሚያሳየው ምርመራ ካርዮታይፕ ይባላል። ከባልም ከሚስትም ደም ይወሰዳል፤ ሕዋሱ በላቦራቶሪ ማደግ ስላለበት ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። የዚህ ለውጥ ተሸካሚ መሆን ልጅ አይኖርም ማለት አይደለም። ብዙዎች በተፈጥሮ መንገድ ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ፤ በቀጣዩ እርግዝናም ከ11ኛው ሳምንት ጀምሮ ከእንግዴ ልጁ፣ ከ15ኛው በኋላ ከሽርት ውሃው ናሙና ተወስዶ ሊታይ ይችላል።

የጨነገፈውን ፅንስ ራሱን ማስመርመር ከተፈለገ ከማሕፀን ጠረጋው በፊት መነገር አለበት። ናሙና ማቆያ ኬሚካል በሆነው ፎርማሊን ውስጥ ከገባ ሕዋሱ ስለሚሞት ለካርዮታይፕ አይበቅልም፤ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ በኖርማል ሳላይን (በሕክምና የጨው ውሃ) ሆኖ ሳይቆይ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት። ውጤቱ «46፣ ሴት፣ ጤነኛ» ብሎ ቢመጣ እንኳ የእናትየዋ ሕዋስ ተቀላቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ናሙናው የፅንሱ ራሱ መሆኑ መረጋገጡን ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።