ፖርት ኮሸር የመኪና ማቆሚያ አይደለም

ደሴ ላይ ፔንሲዮን ወይም ቤት የሚሠሩ ወዳጆቼ ፕላን ይዘው ሲመጡ አንድ ቃል ደጋግሞ ያምታታቸዋል፤ «ፖርት ኮሸር»። «የመኪና ማቆሚያው ነው አይደል?» ይሉኛል። አይደለም።

ፖርት ኮሸር በዋናው መግቢያ ፊት፣ በመኪናው መንገድ ላይ የሚሠራ ጣሪያ ነው። መኪናው በአንድ በኩል ይገባል፣ ሰው ያወርዳል፣ በሌላው በኩል ይወጣል። እዚያ አያድርም። መኪና የሚያድርበት ግድግዳ የሌለው መጠለያ ካርፖርት ይባላል። ፖርት ኮሸር የሚለው ቃል የፈረንሳይኛ ነው፤ «የሠረገላ በር» እንደማለት። ድሮ ሠረገላ ወደ ውስጥ ግቢ የሚያልፍበት ትልቅ በር ነበር።

የደሴን የሐምሌ ዝናብ አስቡት። ሙሽራዋ ሆቴል በር ላይ ደረሰች። ጣሪያው ኮፈኑን ብቻ ሸፍኖ የኋላውን በር ከተወ፣ ከጣሪያው ጫፍ የሚወርደው ውሃ ቀጥ ብሎ ቬሎዋ ላይ ነው። ስለዚህ ጣሪያው የመኪናውን በሮች በሙሉ ሸፍኖ እስከ ደጃፉ ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። አሸንዳውንም አደራ!

ይህ የትም አይለወጥም። ስፋትና ከፍታው ግን እንደሚገባው መኪና ይለያያል። የቤት መኪና ወርዱ ወደ 1.8 ሜትር ነው። በግራና በቀኝ በር ለመክፈት አንድ አንድ ሜትር ስትጨምሩ፣ በምሰሶዎቹ መሀል 4 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ሚኒባስ ወይም አምቡላንስ የሚገባ ከሆነ ከፍታውም ይጨምራል። ከአጥር ምን ያህል ይራቅ የሚለውም እንደ ቦታው ነው፤ መሠረት ከመቆፈራችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ።