ኪናሬጆ፦ ስለ አንዲት የጃቫ መንደር በስህተት የሚወሩ ነገሮች

ኪናሬጆ በኢንዶኔዥያ ጃቫ ደሴት፣ በመራፒ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከዮግያካርታ ከተማ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የሚያልቀው እዚያ አካባቢ ነው። ከእሳተ ገሞራው አፍ የምትርቀው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ2010 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) መራፒ ሲፈነዳ ስሟ ዓለምን አዳረሰ።

የተወራው ታሪክ ግን አንድ ዓይነት ነበር። አንድ ግትር ሽማግሌ “ከዚህ አልነቃነቅም” አሉ፤ እሳቸውን ያመነ ገበሬ ሁሉ አብሯቸው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ መንደሯም ስለ አካባቢውም ብዙ ነገር የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። ይህ ሰዎቹን ይበድላል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

“የጃቫ ገጠር ማለት የሩዝ ማሳ ነው”

ፎቶ ላይ የምናየው ይህንኑ ስለሆነ አይፈረድም። ጃቫ ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖራል። የቆዳ ስፋቷ ግን የኢትዮጵያን አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። ያንን ሁሉ ሰው የሚመግበው ሩዝ በአብዛኛው የሚበቅለው ውሃ በሚተኛበት ዝቅተኛው መሬት ላይ ነው።

ወደ መራፒ ሽቅብ ስትወጡ መልኩ ይቀየራል። ቱሪ በሚባለው ወረዳ ሳላክ ይበቅላል፤ ቅርፊቱ የእባብ ቆዳ የሚመስል፣ ውስጡ ነጭና ጣፋጭ የሆነ ፍሬ ነው። ከዚያ ከፍ ሲባል ደግሞ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ቡናና ሣር ይመጣል። ከሁሉም በላይ ሣር። የኪናሬጆና የጎረቤቶቿ ሕይወት በወተት ላም ላይ የቆመ ነው። ገበሬው በጠዋት ማጭዱን ይዞ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ሣሩን አጭዶ፣ ጠቅልሎ፣ ሞተር ሳይክሉ ላይ ጭኖ ይመለሳል። ከኋላ ለሚያየው ሞተሩም ሰውየውም አይታዩም፤ መንገዱ ላይ የሚሄደው የሣር ክምር ብቻ ነው። ይህን ሣር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ስለ ሞት ስናወራ ይመጣል።

ቡናውንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የእኛ እጅ አለበት። የአረቢካ ቡና መነሻው ኢትዮጵያ ነው። በየመን አልፎ ህንድ ደረሰ። ከህንድ ማላባር ጠረፍ ደግሞ ደቾች በ1690ዎቹ ወደ ጃቫ ወሰዱት። በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የጃቫ ቡና አምስተርዳም ይሸጥ ነበር፤ የጃቫ ገበሬም ለቅኝ ገዢ በግዴታ ቡና እንዲተክል ይደረግ ነበር። ዛሬም ብዙ ሰው “የጃቫ ቡና” ሲባል አረቢካ ብቻ ይመስለዋል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቅጠል ዝገት በሽታ አረቢካውን ክፉኛ ስለጎዳው ግን በኋላ በብዙ ቦታ የተተካው ሮቡስታ ነው። መራፒ ተዳፋት ላይ ሁለቱም አሉ።

“ሰው የሚገድለው የቀለጠው ድንጋይ ነው”

መራፒ ላይ አይደለም። የመራፒ ላቫ ወፍራምና ቀርፋፋ ስለሆነ እንደ ውሃ አይፈስም። ጫፉ ላይ እየተቆለለ ጉልላት ይሠራል። ጉልላቱ ሲናድ ወይም ሲፈነዳ የጋለ ጋዝ፣ አመድና ድንጋይ አንድ ላይ ተደባልቆ በሸለቆው ቁልቁል ይወርዳል። ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ሙቀቱ ብዙ መቶ ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። የአገሬው ሰው ወዱስ ገምበል ይለዋል፤ ደመናው ሲንከባለል ጸጉረ ብዙ በግ ስለሚመስል ነው። ከእሱ በሩጫ ማምለጥ አይታሰብም። በ2006 ካሊአደም በተባለው ቦታ ሁለት ሰዎች የተሸሸጉት ለዚሁ ተብሎ በተሠራ የኮንክሪት ምሽግ ውስጥ ነበር፤ ሁለቱም እዚያው ሞቱ።

ተራራው ዝም ካለ በኋላም ጣጣው አያበቃም። የዝናብ ወቅት ሲመጣ የተከመረው አመድ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ የጭቃ ጎርፍ ይሆናል። ከ2010ሩ ፍንዳታ በኋላ እንዲህ ያለው ጎርፍ በምዕራብ በኩል ቤቶችን ቀብሯል፣ ከዮግያካርታ ወደ ማገላንግ የሚወስደውን ዋና መንገድም ቆርጧል። ይህ በዘመናት ሲደጋገም ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ሳምቢሳሪን ይመልከት። በ1966 አንድ ገበሬ ማሳውን ሲቆፍር መሣሪያው የተጠረበ ድንጋይ ነካ። ሲወጣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የሂንዱ ቤተ መቅደስ ሆኖ ተገኘ። መሠረቱ ያለው ከዛሬው ማሳ 6 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ ነው።

“ሰዎቹ ያለቁት ጠንቋይ ሰምተው ነው”

ይህኛው ነው የሚያናድደኝ። ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ሽማግሌው ምባህ ማሪጃን ይባሉ ነበር። “ምባህ” እኛ አባባ እንደምንለው ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ጠንቋይ አልነበሩም። የዮግያካርታ ሱልጣን ቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ። በ1982 የመራፒ ጠባቂ ሆነው የተሾሙት በሱልጣን ሃመንግኩቡዎኖ 9ኛ ነው። ዋና ሥራቸው ላቡሃን የተባለውን ዓመታዊ ሥነ ሥርዓት መምራት ነበር። በረጀብ ወር መጨረሻ ከቤተ መንግሥቱ የተላኩ ጨርቆችና ዕጣን ኪናሬጆ ይደርሳሉ። በማግስቱ ጠዋት በሰልፍ ወደ ተራራው ይወጣሉ፤ ጸሎት ይደረጋል። ደመወዛቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እሳቸው ግን አደራውን የሰጡኝ ሱልጣኑ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር፤ አደራ ጥሎ መውረድ አልሆነላቸውም።

በ2006 መራፒ ሲነሳ ውረዱ ተባሉ፣ እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ትልቁ ደመና የወረደው በጎረቤት በካሊአደም በኩል ሆነና ኪናሬጆ ተረፈች። ሰውየው በአንድ ጊዜ ዝነኛ ሆኑ፤ የኃይል ሰጪ መጠጥ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ታዩ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2010 የአገሪቱ እሳተ ገሞራ ባለሙያዎች ማስጠንቀቂያውን ወደ መጨረሻው ደረጃ ከፍ አደረጉት። ብዙ የመንደሩ ሰው፣ በተለይ ሴቶች፣ ልጆችና አቅመ ደካሞች፣ ወደ መጠለያ ወረደ። በማግስቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ተራራው ፈነዳ። በ83 ዓመታቸው ማሪጃን ቤታቸው ውስጥ ሞቱ።

አብረዋቸው ስለሞቱት የሚነገረው ነው የተዛባው። በዚያ ቀን ከሞቱት ከ30 በላይ ሰዎች መካከል ሽማግሌውንና የቀሩትን ሰዎች ለማውረድ ሽቅብ የወጡ አንድ ጋዜጠኛና አንድ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ ከብት ትተው መውረድ ያቃታቸው ገበሬዎች ናቸው። እነዚህን ሁሉ “የአጉል እምነት ሰለባ” ብሎ መደምደም ሐሰት ነው።

ከዚያም የሚበልጥ ነገር አለ። በ2010 መራፒ የገደለው በጠቅላላው ከ350 በላይ ሰው ነው። አብዛኛው የሞተው ኪናሬጆ ላይ አይደለም፣ በዚያ ቀንም አይደለም። ከባዱ ፍንዳታ የመጣው ኅዳር 5፣ ሌሊት 6 ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ደመናው የጌንዶልን ወንዝ ሸለቆ ይዞ 15 ኪሎ ሜትር አለፈ። ብሮንጋንግን የመሰሉ መንደሮች ከጫፉ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ሰዉ ተኝቶ ሳለ ደረሰባቸው። የአደጋ ክልሉ ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሰፋው በዚያችው ሌሊት ነው። እነዚህ ሰዎች ማንንም ጠንቋይ አልሰሙም።

ለምን አልጠበቁትም? መራፒ በየጥቂት ዓመቱ ስለሚፈነዳ ሰዉ ያውቀዋል። የሚያውቀው ግን ትንሹን መራፒ ነው። የ2010ሩ ፍንዳታ ከ1872 ወዲህ ትልቁ ነበር፤ ያንን ያየ ሰው በሕይወት አልነበረም። ባለሙያዎቹ ግን የመሬቱን መንቀጥቀጥ፣ ጋዙንና የተራራውን ማበጥ ተከታትለው አስቀድመው ደወሉ። በኋላ በተሠራ ግምት ማስጠንቀቂያው ከ10,000 እስከ 20,000 የሚደርስ ሕይወት አትርፏል። እንዲህ ሊሆን የቻለው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጠሬ ውረድ ሲባል ስለወረደ ነው። ገበሬው ሳይንስ አይሰማም የሚለውን ወሬ የሚያፈርሰው ይኸው ነው።

“እስልምናቸው የስም ብቻ ነው፤ የሚያመልኩት ተራራውን ነው”

ማሪጃን አምስት ወቅት ሰጋጅ ነበሩ፤ መንደሩ መስጊድ አለው። የላቡሃን ቀን የሚቆጠረው በእስላማዊው የጨረቃ አቆጣጠር ነው፣ የሚነበበው ዱዓም የእስልምና ነው። በእርግጥ ከዚህ ጎን ተራራው የራሱ ነዋሪዎች አሉት የሚል የቆየ እምነት አለ። ዕጣን ማጨሱን የማይወዱ ሙስሊሞችም ጃቫ ላይ ሞልተዋል፤ በዚህ የሚከራከሩት ግን እርስ በርሳቸው ነው። አንድ የውጭ ሰው ተነስቶ “እናንተ የእውነት ሙስሊም አይደላችሁም” ማለቱ ድፍረት ነው። ጎረቤት ተጠርቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ ሩዝና ዶሮ ተከፋፍሎ ወደየቤቱ የሚወሰድበትን ድግስ ላየ ሰው፣ እዚያ ሃይማኖትና ጉርብትና የማይለያዩ መሆናቸው ግልጽ ነው።

“ኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ ናት፤ ሱልጣን ጌጥ ነው”

አጭር ነው። ዮግያካርታ ልዩ ግዛት ናት። በ2012 በወጣው ሕግ መሠረት የግዛቷ ገዢ የሚሆነው ያለ ምርጫ ሱልጣኑ ነው፤ አሁን ያሉት ሃመንግኩቡዎኖ 10ኛ ናቸው። ከመራፒ በቤተ መንግሥቱ አልፎ እስከ ደቡቡ ባሕር የሚዘረጋ የሚታሰብ መስመር አለ። ከተማዋ የተሠራችው እሱን ተከትላ ነው፤ ዩኔስኮም በ2023 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ኪናሬጆ የቆመችው በዚህ መስመር ሰሜን ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ለእነሱ ተራ የገጠር ጎጥ አይደለችም።

“መሬቱ ለም ስለሆነ ነው የማይለቁት”

እውነትነት አለው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። የእሳተ ገሞራ አፈር ለም የሚሆነው ቆይቶ ነው። ትኩስ አመድ መጀመሪያ ሰብሉን ይቀብራል፣ ጣሪያ ያፈርሳል። ሰውን ወደ ላይ የሚጎትተው ከአፈሩ ይልቅ ላሟ ናት። ላም በየቀኑ ትታለባለች፣ በየቀኑ ትበላለች። መጠለያ ውስጥ የተቀመጠ ገበሬ ጠዋት ላይ ላሚቱ ምን እየበላች ይሆን ብሎ ያስባል፤ ተነስቶ ሣር ሊያጭድ ይወጣል፤ አደጋው እዚያ ያገኘዋል። በ2010 መንግሥት ይህ ሲገባው፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የተፈናቃዮችን ከብት እገዛለሁ አለ። በእኔ እምነት ከዚያ ዓመት ውሳኔዎች ሁሉ ቀድሞ መወሰን የነበረበት ይህ ነበር።

“ኪናሬጆ ጠፍታለች፤ የቀረው ለቱሪስት ነው”

አሮጌው ቦታ ላይ ማደር ክልክል ሆነ እንጂ መንደሩ አልጠፋም። ነዋሪዎቹ ካራንግከንዳል ወደተባለ ዝቅ ያለ ቦታ ተዛወሩ። ለአንድ ቤተሰብ 100 ካሬ ሜትር መሬትና 36 ካሬ ሜትር ቤት ተሰጠ። ቤቱን በቡድን ሆነው የሠሩት ራሳቸው ናቸው። ቀን ቀን ብዙዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሣር ያጭዳሉ፣ ሻይ ቤት ይከፍታሉ፣ ጂፕ ይነዳሉ። የጂፑ ጉብኝት በእርግጥ ትልቅ ገበያ ነው። አጠገባቸው ባለች መንደር አንድ የፈረሰ ቤት ሙዚየም ሆኗል። ግድግዳው ላይ ግማሽ የቀለጠ ሰዓት ተሰቅሏል፤ የቆመው ያችን ሌሊት ከ6 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች አልፎ ነው። በሰው ሐዘን መነገድ ነው የሚሉ አሉ። ቤቱ የራሳቸው፣ ሰዓቱም የራሳቸው ነው፤ ሊያሳዩት ከፈለጉ መብታቸው ይመስለኛል።

ሁሉም ሰው የተዛወረ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ግላጋሃርጆ ውስጥ ያሉ እንደ ካሊተንጋህ ሎር ያሉ ጎጦች አንሄድም ብለው ቤታቸውን እዚያው መልሰው ሠርተዋል። በእጅ ሬዲዮ የተራራውን ሁኔታ ይከታተላሉ፣ ከእንጨት የተፈለፈለ የማንቂያ ደወል አላቸው፣ ተራ ገብተው ሌሊት ይጠብቃሉ። በኅዳር 2020 ማስጠንቀቂያው እንደገና ከፍ ሲል አረጋውያኑ፣ እናቶችና ልጆች ቀደም ብለው ወረዱ። ላሞቹም ታች በተዘጋጀላቸው በረት ገቡ፤ መኖ እዚያው ቀረበላቸው።