እርጥበቱ «ቀነሰ» ሲባል ላቡ ለምን ይብሳል?

ሂውስተን፣ የጁን ማለዳ፦ ሙቀቱ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 95 በመቶ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 33 ሲደርስ እርጥበቱ ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የመጣው ተን ግን አልቀነሰም። ሞቃት አየር ብዙ ተን የመያዝ አቅም አለው፤ መቶኛው የሚሰላው ከዚያ አቅም አንጻር ነው። ትንሹን ማሰሮ የሞላ ውሃ ትልቁ ውስጥ ሲገለበጥ ግማሽ እንደሚመስለው ማለት ነው።

ፀሐይ ላይ የምትሠሩ፣ በመቶኛው እንዳትዘናጉ አደራ። የጤዛ ነጥብን፣ ማለትም አየሩ ሲቀዘቅዝ ተኑ ወደ ውሃ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን ተመልከቱ፤ በምሳሌያችን ጠዋትም ከሰዓትም 23 ዲግሪ ገደማ ነው። ከ21 ካለፈ አየሩ ይከብዳል፣ ላብም ቶሎ አይደርቅም። በረዶ የገባበት ብርጭቆ በረንዳ ላይ አስቀምጡ፤ ወዲያው ውጪው ያልበዋል፣ ጠብታው እየወረደ ጠረጴዛውን ያርሳል። ያ ውሃ ከአየሩ የወጣ ነው።