«ዓይኑ ይውጣ» ከማለታችሁ በፊት

የምሠራው በጨረር ሕክምና ክፍል ነው። በአዋቂ ሰው ዓይን ውስጥ ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር በተገኘ ቁጥር ከአጃቢ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «አውጡለትና ይገላገል፤ ዓይኑ ከቀረ ይሰራጫል።» የተጨነቀ ዘመድ ቢለው አልፈርድም። የሚያናድደኝ ሳያጣራ በስልክ የሚያስፈራራው መካሪ ነው።

ይህ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1998 በአሜሪካና በካናዳ መካከለኛ መጠን ያለው ዕጢ የተገኘባቸው 1,317 ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው ወጣ። በቀሩት ዓይን ውጫዊ ግድግዳ ላይ ጨረር የሚያመነጭ አዮዲን 125 የያዘች፣ ሳንቲም የምታክል የወርቅ ቁራጭ ተሰፍታ ለቀናት ቆየች። በ5 ዓመት ውስጥ ዓይናቸው ከወጣው 19 በመቶ፣ በጨረር ከታከሙት 18 በመቶ ሞቱ። እስከ 12 ዓመት በተደረገው ክትትልም ልዩነት አልተገኘም። የሚያመልጥ ካንሰር ብዙ ጊዜ ያመለጠው ገና ሳይታወቅ ነውና ዓይን ማውጣቱ አይመልሰውም።

አሜሪካ የሚኖር አንድ ሹፌር ታካሚ ነበረን። ወንድሞቹ ከአዲስ አበባ እየደወሉ «በጨረር አትጫወት» ሲሉት ማውጣቱንም ጨረሩንም ፈርቶ ለወራት ጠፋ። ሲመለስ ዕጢው አድጎ ወደ ዓይን ነርቭ ተጠግቶ ነበር። ዓይኑ ተረፈ፤ የዚያ ዓይን እይታ ግን አብዛኛው ሄደ። ዕጢው በጣም ከገዘፈ ወይም ነርቩን ከከበበ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ይህን የሚወስነው ግን ዓይኑን በአልትራሳውንድ የለካው ሐኪም ነው።

«ጨረሩ አንጎል ያቃጥላል» የሚሉም አሉ። ከወርቅ ቁራጯ ሌላ ከውጭ በመሣሪያ የሚተኮስ የፕሮቶን ጨረር አለ። ፕሮቶን፣ ማለትም የአቶም ቅንጣት፣ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያራግፈው በሚቆምበት ጥልቀት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አያልፍም ማለት ይቻላል። አስቀድሞ የዕጢውን ዳር የሚያሳዩ፣ ታንታለም ከሚባል ብረት የተሠሩ ምልክቶች ዓይኑ ላይ ይሰፋሉ። ታካሚው ፊቱ በጭምብል ተይዞ አንዲት መብራት ላይ ያተኩራል፤ ዓይኑ ከቦታው ከሸሸ ጨረሩን እናቆማለን። አዲስ ሙከራም አይደለም፤ በአሜሪካው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሳይክሎትሮን በሚባለው ፕሮቶን የሚያፈጥን መሣሪያ የመጀመሪያው የዓይን ሜላኖማ ታካሚ የታከመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

ሲተኮስ ያማል? አያምም።

ከሕክምናው በኋላ ልጅ ማቀፍ ክልክል ነው? ከፕሮቶን በኋላ አይደለም። በወርቅ ቁራጯ የሚታከም ሰው ግን እስክትነሳ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች ይራቅ፤ ከተነሳች በኋላ ሰውነቱ ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም።

«ዕጢው አሁንም ይታያል፣ ሕክምናው ከሽፏል» አትበሉ። ቀስ በቀስ ይኮማተራል፤ ጠባሳው ሊቀር ይችላል። የምንፈልገው እንዳያድግ ነው።

በሕፃናት ላይ የሚታየው ሬቲኖብላስቶማ ሌላ በሽታ ነው። እዚያ ከውጭ የሚተኮስ ጨረር በኋላ ሌላ ካንሰር ሊያመጣ ስለሚችል በተቻለ መጠን ይሸሻል። የአዋቂውን ታሪክ ይዛችሁ የሕፃን ወላጅ አትምከሩ።

«ዓይኑ ዳነ፣ በቃ» የሚለውም አደገኛ ነው። ጨረሩ ከዓይን በስተጀርባ ብርሃን የሚቀበለውን የሬቲናን የደም ሥሮች ስለሚጎዳ እይታ ከዓመታት በኋላም ሊቀንስ ይችላል፤ ቶሎ ከታየ ዓይን ውስጥ የሚሰጥ መርፌ ያግዛል። ሜላኖማው ከተሰራጨ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ጉበታችሁ በምን መሣሪያና በየስንት ወሩ እንደሚታይ ጠይቁ፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮም እዚያው ያዙ።