በወሎ ለቤት የሚሆን የልብና የትንፋሽ መለማመጃ ማሽን አመራረጥ

የልብና የትንፋሽ መለማመጃ ማሽን የሚባለው ትልልቅ ጡንቻዎችን ደጋግሞ በማሠራት የልብ ምትን ከፍ አድርጎ የሚያቆይ መሣሪያ ነው። ለቤት የሚገዙት በዋናነት አራት ናቸው፦ የመሮጫ ማሽን ወይም ትሬድሚል፣ ባለበት የሚነዳ ሳይክል፣ ኤሊፕቲካል (ቆመው ሁለት መርገጫዎችን በሞላላ ዙር የሚገፉበት) እና የመቅዘፊያ ማሽን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን በአራቱም መሙላት ይቻላል። በሰፊው የሚለያዩት ጉልበት ላይ በሚያሳርፉት ጫና፣ በሚፈልጉት መብራትና በሚፈልጉት ወለል ነው። የደሴም፣ የኮምቦልቻም፣ የወልዲያም ገዢ ከዋጋው በፊት እነዚህን ሦስቱን ማየት አለበት።

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዳገቷ የማያልቅ ከተማ ናት። ታዲያ ማሽን ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። መልሱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ዳገት የወጣ ሰው መውረዱ አይቀርም፤ የታመመ ጉልበት ደግሞ ከመውጣቱ ይልቅ በመውረዱ ይብሳል። ማሽን ላይ መውጣት እንጂ መውረድ የለም። በዚያ ላይ የክረምቱ ዝናብና ጭቃ አለ። በረመዳን ከፍጡር በኋላ፣ በዓቢይ ጾምም ወደ ማታ መንቀሳቀስ የሚመርጥ ብዙ ነው። አደባባይ መሮጥ የማይመቻቸው እናቶችና እህቶችም በራቸውን ዘግተው፣ እንደ ልባቸው ለብሰው ይሠራሉ። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ትሬድሚል ከሁሉም የታወቀው ነው፤ መራመድ ለሚችል ሰው ትምህርት አይፈልግም። ነገር ግን መብራት ይፈልጋል። የ2 ፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 1,500 ዋት ገደማ ያወጣል፤ ስለዚህ የእንጀራ ምጣድ በተሰካበት መስመር ላይ አብሮ መሰካት የለበትም። መብራት ሲጠፋ ከእግር ሥር ያለው ምንጣፍ ይቆማል፤ በሩጫ ላይ ያለ ሰው ወደፊት ሊደፋ ይችላል። ሲመጣም ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል መቆጣጠሪያ ቦርዱን እንዳያቃጥል ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ከሆነ የሩጫው ድምፅ ከታች ላለው ጎረቤት እረፍት ይነሳል። ነጠላ፣ ሽርጥ ወይም ረጅም ቀሚስ ምንጣፉ ሥር ሊገባ ስለሚችል ማጠር አለበት፤ ስትነቀል ማሽኑን የምታቆመው ቁልፍ ገመድም ሁልጊዜ ልብስ ላይ ትያያዝ። ሕፃናት ባሉበት ቤት ሥራው ሲያልቅ ቁልፏ ተነቅላ ትቀመጥ፤ የሚሽከረከር ምንጣፍ የልጅን እጅ ክፉኛ ይልጣል።

ለአብዛኛው የወሎ ቤት የሚሻለው ማግኔት ያለው ሳይክል ነው። ማግኔቱ የሚሽከረከረውን ብረት ሳይነካ ስለሚይዘው ድምፁ ዝቅተኛ ነው፤ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ፍትጊያ እንደሚይዘው ዓይነት ቶሎ የሚያልቅ ነገርም የለውም። የፔዳሉን ክብደት በእጅ የሚያስተካክሉበት ሞዴል፣ ሰዓቱና ቁጥሩ የሚታይበት ሰሌዳ በትንንሽ ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። የሰውነት ክብደት መቀመጫው ላይ ስለሚያርፍ ለጉልበት ሕመምተኛና ክብደት ለበዛበት ሰው ይመቻል። ጀርባቸውን ለሚያማቸውና በዕድሜ ለገፉ፣ ደገፍ ተብሎ እግር ወደፊት ተዘርግቶ የሚነዳው ይሻላል። አስፈላጊው ነገር የመቀመጫው ከፍታ ነው፦ ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ ማለት አለበት። በእግር ጣቶች ሥር ሲረገጥ ያኔ ጉልበት ትንሽ ታጠፍ ይላል። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበትን ከፊት ያሳምማል፤ ብዙ ሰው ማሽኑን የሚያማርረው በዚህ ነው።

ኤሊፕቲካል እግርና እጅን አንድ ላይ ያሠራል፣ እግር ከመርገጫው ስለማይነሳም ምት የለውም። ቦታ ግን ይወስዳል፤ መርገጫው ሰውን ከፍ ስለሚያደርግ ዝቅተኛ ኮርኒስ ባለበት ቤት ጭንቅላት ይነካል።

መቅዘፊያው እግርን፣ ጀርባንና ክንድን በአንዴ ያሠራል። ኃይሉ ከእግር መጀመር አለበት፤ በጀርባ የሚጎትት ሰው ወገቡን ይጎዳል። በንፋስ ማራገቢያ የሚሠራው ዓይነት ደሴ ላይ ቀለል ይላል፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚገፋው ያንሳል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ያው ማሽን ይከብዳል። ስለዚህ በደሴ የአየር ማስገቢያውን ሰፋ አድርጎ መክፈት ነው።

ከፍታው የልብ ምትንም ይነካል። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደሴ ላይ በለመደው ፍጥነት ሲሄድ ልቡ የበለጠ ይመታል፤ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ከፍተኛው ምት ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ በግምት ይገኛል፣ ሆኖም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ምትን ስለሚያወርዱ ለሚወስዷቸው ሰዎች ቁጥሩ አይሠራም። የሚሻለው መለኪያ ትንፋሽ ነው፤ ማውራት እየቻሉ መዝፈን ካልቻሉ መካከለኛ ላይ ናቸው። የደረት ሕመም ያለበት ከመግዛቱ በፊት ሐኪም ያማክር። ስኳር ያለበት እግሩ የሚደነዝዝ ከሆነ ያለ ጫማ አይውጣ፣ ከጨረሰ በኋላም ውስጥ እግሩን ይመልከት።