የተበላሸ ፊልም ምን ይናገራል? በፊልም ካሜራ ስህተቶች ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፊልም ካሜራ የሚያነሳ ሰው ስህተቱን የሚያየው ፊልሙ ታጥቦ ሲመለስ፣ ማለትም ከቀናት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው። ያ ቀን ተመልሶ ስለማይመጣ ሐዘኑ ይከብዳል፤ ብዙዎችም በሐዘናቸው ውስጥ ሆነው ኔጌቲቩን፣ ማለትም ብሩህ የነበረው ጠቁሮ ጥላው ደግሞ ነጥቶ የሚታይበትን የታጠበ ፊልም፣ ሳይመረምሩ ይጥሉታል። ከዚህ በታች የተነሱት አመለካከቶች ሁሉ ሰውን የሚያርቁት ከዚሁ ምርመራ ነው።

«ባዶ ሆኖ የወጣ ፊልም የሚነግረን ነገር የለም።»

እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ ግልጽ ምስክርነት የሚሰጠው ባዶው ፊልም ነው። ፋብሪካው የፊልሙን ስምና የፍሬም (የእያንዳንዱ ፎቶ) ቁጥሮቹን በጠርዙ ላይ አስቀድሞ በብርሃን ያትማቸዋል፤ የሚታዩት ግን ፊልሙ ሲታጠብ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊልሙ መካከል ባዶ ሆኖ ቁጥሮቹ በደንብ የሚነበቡ ከሆነ እጥበቱ ሠርቷል፣ ብርሃን ያልደረሰው ግን ካሜራው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ምክንያቱ የፊልሙ ጫፍ በሚጠቀልለው ዘንግ ላይ ሳይያዝ መቅረቱ ነው። ቁጥሮቹም አብረው ከጠፉ ጥፋቱ የእጥበቱ ነው፤ ለምሳሌ ዴቨሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል) ኃይሉን ጨርሶ ወይም ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ቀድሞ ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ፊልሙ ከነጠርዙ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ ደግሞ ከመታጠቡ በፊት ብርሃን ገብቶበታል። የአንድ ጉዞ 36 ፎቶዎች በሙሉ ባዶ ሆነው ሲመለሱልኝ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ መንካት አልቻልኩም ነበር። ጠርዙን ካነበብኩ ወዲህ ግን ፊልም ባስገባሁ ቁጥር የላላውን ክፍል ቀስ ብዬ ወደ ኋላ እወጥርና፣ ፊልሙን ሳሳልፍ የመመለሻው መዘውር አብሮ መዞሩን ሳላረጋግጥ አንድም ፎቶ አላነሳም።

«ፎቶው የጨለመው ያጠበው ሰው ስላበላሸው ነው።»

አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማረጋገጥ ይቻላል። በኔጌቲቩ ላይ የጥላው ክፍል ምንም ዝርዝር ሳይይዝ ባዶ ከሆነ፣ ፎቶው ሲነሳ በቂ ብርሃን አልገባም። የጥላው ዝርዝር በመጠኑ ኖሮ ደማቆቹ ክፍሎች ግን ሳስተው ከታዩ፣ ጥርጣሬው ወደ እጥበቱ ይሄዳል፤ ጊዜው አጥሮ ወይም ኬሚካሉ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም በአብዛኛው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ባለ ቀለም ኔጌቲቭ ደግሞ በ38 ዲግሪ ገደማ ይታጠባል። በስካን ብቻ መፍረድ አሳሳች ነው፤ ምክንያቱም ስካነሩ በራሱ እያበራና እያጨለመ የብርሃን ስህተትን ይሸፍናል። ኔጌቲቩን በብርሃን ፊት አንስቶ ማየትን የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

«የጎደለውን ብርሃን እጥበቱን በማራዘም መመለስ ይቻላል።»

እጥበቱን ማራዘም በዋናነት የሚያጠቁረው ብርሃን የደረሰውን የኔጌቲቩን ክፍል ሲሆን፣ ጥላው ውስጥ ያልተመዘገበውን አይፈጥርም። በኔጌቲቭ ፊልም ከተጠራጠሩ ብርሃን ጨምሩ፤ በስላይድ ፊልም (ምስሉ ሳይገለበጥ እንዳለ በሚታይበት ፊልም) ግን የነጣው ክፍል ስለማይመለስ ጥንቃቄው ተቃራኒ ነው።

«ብዙ ባበላሹ ቁጥር መማር አይቀርም።»

ማስታወሻ የማይይዝ ሰው በአሥረኛው ፊልም ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሊደግም ይችላል፤ ምክንያቱም 7ኛውን ፍሬም በምን ፍጥነትና በምን የሌንስ ክፍተት እንዳነሳው ከወር በኋላ አያስታውስም። ለእያንዳንዱ ፍሬም ቁጥሩን፣ ፍጥነቱን፣ ክፍተቱንና ብርሃኑን የለካበትን ቦታ የያዘ አንድ መስመር ይበቃል። ማስታወሻው የካሜራውንም ጥፋት ያጋልጣል፤ ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ የተሠራ አሮጌ ካሜራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ሲገባለት የብርሃን መለኪያው ሊሳሳት ይችላል፣ የዚህ ዓይነቱ ስህተት ደግሞ የሚታወቀው በተከታታይ ፍሬሞች ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዘነብል ነው።

«ቅር ያሰኘን ፎቶ ሁሉ የተበላሸ ፎቶ ነው።»

ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ጥሩ ፎቶ ያስጥላል። ገና ትኩስ ትዝታ ይዘን ስናይ የምንመዝነው ፎቶውን ሳይሆን የዚያን ቀን ስሜታችንን ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጋሪ ዊኖግራንድ ስሜቱ እስኪበርድለት ፊልሞቹን ሳያጥብ ሆን ብሎ ያቆይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሞትም 2,500 ያህል ያልታጠቡ ፊልሞች ትቶ አልፏል። ያን ያህል ማቆየት አያስፈልግም። ኮንታክት ሺቱን (የፊልሙ ፎቶዎች ሁሉ በትንሹ የሚታተሙበትን ወረቀት) አሳትሞ የወደዱትን በእርሳስ ምልክት ማድረግ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በሌላ ቀለም እንደገና መምረጥ ይቻላል። ሁለቱ ምልክቶች በተለያዩ ፍሬሞች ላይ ሲያርፉ በተደጋጋሚ አይቻለሁ።